መጀመሪያ አተኛኘትሽን አሳዪኝ

በእትዬ የሺ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «በካልጋሪ ከተማ በእጥበት ሥራ ተሰማርተው ለዓመታት አገልግለዋል» ሲል፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ኧረ አይደለም!» ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ግርማ ጠባዬን ስለሚያውቅ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ። ሰውዬው ንባቡን ቀጠለ፤ የት እንደተወለዱ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ካናዳ መቼ እንደገቡ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነና አለቀ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ለቅሶ ግን ግማሹ ንዴት ነበር።

ስካይቪው ራንች ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ለቅሶ ስንቀመጥም ያው ነው። አንዷ ከጎኔ «ምስኪን፣ የሰው እድፍ ሲያጥቡ ኖረው ሄዱ» አለች። ምስኪን! እትዬ የሺ ምስኪን! ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ አፌ ዝም አይልም ነበር። እንግዲያውስ ያ ወረቀት የዘለለውን እኔ ልናገር።

ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ውስጥ ያለ፣ የካምፒንግ ዕቃ የሚያከራይና የሚሸጥ መደብር ነው። እኔ ፊት ለፊት ካውንተር ላይ፣ እሳቸው ከኋላ፣ ተከራይቶ የተመለሰው ሁሉ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ የሚሉት የመኝታ ከረጢት፣ ላይነር። ላይነር ማለት እንደ ረጅም ከረጢት የተሰፋ ስስ አንሶላ ነው። የሚተኛው ሰው እሱ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ። ባጉን ከላብ ይጠብቃል፣ ትንሽ ሙቀት ይጨምራል፣ ገላን ደግሞ ከዚያ ከሚንሿሿ ናይለን ያድናል። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ይህን አንዱንም አያውቁም ነበር። ድንኳን ውስጥ አድረውም አያውቁም። እኔም ብሆን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ለደንበኛ ከማነብነብ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም።

አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ትንሽ መቀስ አይጠፋም። ጨርቅ ሲያነሱ በእጃቸው አይዳስሱትም፤ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «እጅማ ሥራ አደንዝዞታል፣ ምን ያውቃል? በጉንጭሽ ሞክሪው» ይሉኛል። እኔ ደንበኛ ፊት ጨርቅ ፊቴ ላይ ስለጥፍ ይታያችሁ!

አሁን ወደ ጥፋታቸው ልምጣ። እሱን ካላነሳሁ የሴትዮዋን ልክ ማሳየት አልችልም።

መደብሩ በገቡ በመጀመሪያው ሰመር የቤተክርስቲያናችን ወጣቶች ለሁለት አዳር ወደ ካናናስኪስ ተራራ ካምፒንግ ይሂዱ ተባለ። እናቶች ተጨነቁ። ድብ አለ፣ ብርድ አለ፣ ልጆቹ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እትዬ የሺን ከበቧቸው። «እርስዎ እዚያ አይደል የሚሠሩት? ምን እናስይዛቸው?» እሳቸው በሙሉ ልብ፣ «ላይነር ምናምን እያላችሁ አትድከሙ፤ ጋቢ እያለ! አንዳንድ ጋቢ አስይዛችሁ ስደዷቸው» አሉ። እኔ፣ ላይነር ሳከራይ የምውለው ሰው፣ አጠገባቸው ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። እውነት መስሎኝ ነው። ጋቢ ለብሶ ያላደገ ማን አለና!

ልጆቹ ጋቢ ጋቢያቸውን ይዘው ሄዱ። ጋቢው ባጉን ሞላው፤ ዚፑ ጫፉን እየነከሰ አልዘጋ አለ። ጥጥ ነውና የድንኳኑን እርጥበትና የልጆቹን ላብ ጠጥቶ ገላቸው ላይ ቀዘቀዘ። ነሐሴ እንኳ ቢሆን ተራራ ተራራ ነው። በጉንፋን ተይዘው፣ ዓይናቸው አብጦ ተመለሱ።

የእኔ ልጅ የቤዛ ግን ከጉንፋንም የባሰ ነበር። ቤዛ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ አለባት፤ ክንዷ መታጠፊያ፣ ጉልበቷ ሥር፣ አንገቷ ላይ። እርጥቡን ጋቢ አውጥታ ጥላ ናይለኑ ላይ ተኛች። ላብ፣ ሙቀት፣ ማሳከክ። ስትፎክት አድራ ጠዋት ክንዷና አንገቷ ደም በደም ሆኖ ጓደኞቿ ፊት ተነሳች። አንዷ ልጅ «ይተላለፋል እንዴ?» ብላ ፍራሿን ጎትታ ራቀች። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ኧረ ውሸቴን ነው፣ ፈርጄባታለሁ።

ቤዛ ቤት ገብታ «ማሚ፣ ኔቨር አጌን» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ጓደኛ ቤት ማደር ቀረ። የወጣቶች ፕሮግራም ቀረ። ልደት ሲጠሯት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ልጄ በዓይኔ ፊት ክፍሏ ውስጥ እየተቀበረች ነው፤ እኔ ደግሞ ክሬም ከመቀባት ሌላ የማውቀው የለም።

ልጆቹ በተመለሱ በሚቀጥለው እሑድ፣ ማስታወቂያ ተነግሮ ሲያበቃ፣ እትዬ የሺ ተነስተው «እስቲ ማይኩን ስጡኝ» አሉ። ማንም የወቀሳቸው የለም። እንዲያውም ሁሉም ረስቶት ነበር።

«ልጆቻችሁን ያስበረድኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ጋቢን የማውቀው ቤት ውስጥ ነው። ተራራ ላይ አላውቀውም። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከአዳራሹ ከዚህም ከዚያም «ኧረ ምን ሲደረግ፣ እትዬ!» «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» ተባለ። እሳቸው ግን አጎንብሰው እጅ ነስተው ነው የተቀመጡት። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እኔ ራሴን የነቀነቅኩት፣ ከእሳቸው ይበልጥ ማወቅ የነበረብኝ ሰው፣ ከወንበሬ ጋር ተጣብቄ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስንወጣ መኪናችን ድረስ መጡ። ቤዛ የሹራቧን ቆብ ደፍታ ከኋላ ተቀምጣለች። መስኮቱን አንኳኩ።

«ልጄ፣ የሚመጣው ዓመት ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም፣ እትዬ።»

«ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። እኔው እመልስሻለሁ።»

ቤዛ መስኮቱን ዘጋችው። ጌታ ሆይ፣ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ መስታወቱን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ሰኞ ሥራ ገብተው አለቃችንን ዴቭን አናግሪልኝ አሉኝ፤ መደብሩ ውስጥ ካለው የላይነር ዓይነት ሁሉ አንዳንድ ይውሰዱ ዘንድ። ዴቭ ፈቀደ። ማርልቦሮ ሰፈር ባለችው ቤዝመንታቸው ወለል ላይ ስሊፒንግ ባግ ዘርግተው፣ መስኮት ከፍተው፣ አልጋቸውን ትተው በየተራ ተኙባቸው። አንዱን ሳምንት፣ ሌላውን ሳምንት። ጠዋት ጠዋት እኔ ቡናዬን ይዤ ስገባ ሪፖርት ይጠብቀኛል።

«ፍሊሱ፣ ያ ለስላሳ ጸጉር ያለው፣ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ይሞቃል። ግን ከፒጃማሽ ጋር ይጣበቃል፤ ስትዞሪ አብሮሽ ይዞራል። ስትነሺ ተጠቅልለሻል።»

«ጥጡስ?»

«ገላ ይወደዋል። ደረቅ ቦታ ከሆነ ማለፊያ ነው። እርጥበት ካገኘው ግን ያው ያ ጋቢ ነው።»

«ሐሩስ?»

ጉንጫቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሐሩን የለበስሽው አይመስልሽም። ኪስ የምትገባ ነገር እንዲያ ታሞቃለች አልልም ነበር።»

በዚያ ብቻ አላቆሙም። ተመላሽ ዕቃ ሲመጣ ማሽን ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያዩታል። አንድ ቀን ገመድ ሆኖ የተጠቀለለ ላይነር ይዘው ካውንተር ድረስ መጡ።

«ይሄ ሰውዬ አልተኛም። ማነው ይህን የሰጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት እንደሚተኛ ጠይቀሽዋል?»

«ኧረ እትዬ! ሰው እንዴት እንደሚተኛ ይጠየቃል? ነውር አይደለም?»

«ጫማ ስትሸጪ የእግሩን ቁጥር ትጠይቂ የለ?» ብለው ጥለውኝ ገቡ። ልክ ናቸው። ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀን ስንት ዲግሪ ድረስ ይሞቃል እያለ ነው፤ እኛም ዲግሪውን ነግረን እንሸኛለን። በጎኑ ይተኛ፣ ይጠቅለል፣ እግሩን ይዘርጋ፣ ያልበው፣ ይበረደው፣ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ ነው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ ፊት ብቅ ማለት የጀመሩት። አንድ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ፈረንጅ ጠባብ የሐር ላይነር መርጬለት ሊከፍል ሲል ደረሱ። አንጋጠው አዩትና «ሾው ሚ ስሊፕ» አሉት።

ሰውዬው እኔን አየኝ። ዴቭ ከወዲያ መጣና የእጥበት ክፍሉ እንደሚጠብቃቸው ንገሪያቸው አለኝ። ቃሉ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያለሰለስኩት። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ «ፕሊስ፣ ሾው ሚ ስሊፕ» ደገሙ። ያ ግዙፍ ሰው ሳቀና ለማሳያ የተዘረጋው ፍራሽ ላይ ጋደም አለ፤ በጎኑ ዞሮ አንድ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበ። እትዬ የሺ እኔ የመረጥኩትን ከእጄ ወስደው መለሱት። ሰፊና የሚለጠጥ ሌላ አምጥተው፣ እሱኑ ውስጥ አስገብተው አገላበጡት። ሰው ተሰብስቦ ያያል። ሰውዬው በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ ዕቃ ሊገዛ አይደለም፣ የሺ የምትባለውን ሴትዮ አገናኙኝ ብሎ። እጃቸውን ጨብጦ እንደዚያ ተራራ ላይ ተኝቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። እሳቸው ከእንግሊዝኛው የገባቸው «ስሊፕ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷም በቃቻቸው።

ዴቭ ሞኝ አይደለም። በወሩ ከካውንተሩ ጎን ለእሳቸው ብሎ ፍራሽ አስነጠፈ። «ላይነር ሌዲ የለችም እንዴ?» እያለ የሚመጣ ሰው በዛ። ልብሳቸው እርጥብ እንደሆነ ሲወጡ፣ ስንት ተራራ የወጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ «አተኛኘትህን አሳየኝ» ሲሉት ሕፃን ሆኖ ይጋደማል። እኔ በዚያ ካውንተር ላይ ቆሜ የሠራሁት ዘመን ሁሉ አንድ ጎን፣ እሳቸውን እያየሁ የኮራሁበት አንድ ጎን። የአገሬ ሰው ናቸው እኮ! እያልኩ ለማላውቀው ሁሉ አወራ ነበር።

እሳቸው ግን በዚህ ሁሉ መሃል የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ያው ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ናት። «አተኛኘቷን ማየት አለብኝ» አሉኝ።

ግንቦት ላይ ነው፤ ካልጋሪ ደግሞ ግንቦት ላይ በረዶ መጣል ነውር አይመስላትም። እሑድ ከምሳ በኋላ ኮርነርስቶን ሰፈር፣ ቤታችን መጡ። ሂተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ አሉ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ባግ ዘረጉ። ግርማ ካፖርቱን ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ኳስ ያያል። ቤዛ እንዴት እሺ አለች ብትሉኝ፣ ለአንድ ወር በየሳምንቱ እየደወሉ ነዝንዘዋት ነው። «አንዴ ብቻ ከዚያ ይተዉኛል?» ብላ፣ ተነጫንጫ ገባች። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ጠባብ ሐር ነበር። በግማሽ ሰዓቷ ተጠቅልላ፣ ተናዳ ወጣች። «ሐሩ ልክ ነው» አሉ እትዬ፣ «ቅርጹ ነው ያሰራት። አንድ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ አየሽ?» የወለድኳት እኔ አላየሁም ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ሰፊውን ሐር ከሰፊ ባግ ጋር አመጡ። ባጉ ጠባብ ሆኖ ላይነሩ ሰፊ ቢሆን ትርፉ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ያንን ከተመላሹ ዕቃ ተምረውታል። ተኛች። ግን ወዲያው እጇ ወደ ክንዷ ሄደ፣ መፎከት ጀመረች። እሳቸው ሳይቀሰቅሷት ጎንበስ ብለው አዩ። የላይነሩ ስፌት ልክ ክንዷ መታጠፊያ ላይ ያልፋል፤ አንገቷ ሥር ደግሞ የፋብሪካው ምልክት አለ። «ሐር ሰፍቶ ምልክቱን ናይለን የሚያደርግ ሰው ልብ የለውም» ብለው አጉረመረሙ። ወስደው በዚያች መቀስ ምልክቱን ፈቱት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ገለበጡት፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠቡት።

በሦስተኛው እሑድ ቤዛ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ምራቋ እስኪወርድ። ግርማ በብርድ ተቆራምዶ ሶፋው ላይ ነው፣ እኔ ሁለት ሹራብ ለብሻለሁ፣ እሷ ላብ የላት፣ መፎከት የላት። እትዬ የሺ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ስትነቃ «ደህና ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ግን እትዬ፣ እዚህ እኮ ቤት ነው። እዚያ ሁሉም ያዩኛል።»

እኔ «ማንም አያይሽም፣ የኔ ቆንጆ» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አያዩሽም አልልሽም» አሏት። «ቢያዩሽ ግን ተኝተሽ ነው የሚያዩሽ።»

በሳምንቱ የወጣቶቹ ኃላፊ ስሟን እንዳስመዘገበች ነገረኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ነሐሴ ደረሰና ሄዱ። በእነዚያ ሁለት ቀናት እትዬ የሺን አያሳያችሁ! አርብ ዕለት ሥራ ላይ በየሰዓቱ ከኋላ ብቅ እያሉ «ተራራው ስንት ዲግሪ ገባ?» ይሉኛል። ቅዳሜ ደወሉ፤ «ዘነበ እንዴ?» እኔ እናቷ መጨነቄን ልናገር ስል ከእኔ በላይ ተጨንቀው አገኘኋቸው። ስህተታቸው ሳይሽር የቀረባት አንዲት ልጅ ናት፤ ሌሎቹ በሳምንቱ ድነው ረስተውታል። እሷ ዳግመኛ ደም በደም ሆና ብትመለስ፣ ከዚያ ክፍል የሚያወጣት ሰው እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። አልተነጋገርንበትም እንጂ።

እሑድ ከሰዓት ቤተክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ቀድመውኛል። ከማርልቦሮ በባቡርና በአውቶቡስ ነው የመጡት፤ የልጆቹ መኪና ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው። «ልጆቹ ቢቀድሙስ ብዬ» አሉኝ። ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

የልጆቹ አውቶቡስ መጣ። በሩ ተከፈተና አቧራ በአቧራ ሆነው መውረድ ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን እያቀፉ ይስማሉ። ቤዛ የለችም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ልጅ ወረደ፤ ቤዛ የለችም። እትዬ የሺ ክንዴን ያዙኝ፤ የጣታቸው ምልክት ማግስቱን አልጠፋም። በመጨረሻ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልጄ አጠገቤ አልፋ ሄዳ እሳቸው ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ተኛሁ።»

«ሁለቱንም ቀን?»

«ሁለቱንም ቀን። እንዲያውም ዛሬ ሳይቀሰቅሱኝ ቁርስ አመለጠኝ። ሁሉንም በልተውት ነው የነቃሁት።» እየሳቀች ነው የምትነግራቸው።

እትዬ የሺ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ልጄ ቁርስ ስላመለጣት፣ በዚያ ግቢ መሃል እልል አሉ። ሻንጣ ሲያወርዱ የነበሩት እናቶች ነገሩ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ቢሆንም እልልታ ሰምቶ ዝም አይባልምና ከዳር እስከ ዳር ተቀበሏቸው። እኔ የተዘረጋ እጄን ሳልሰበስብ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ እልል አልኩ።